ጋሊቢዬና ሰቆጣ፦ ተራራውስ አለን

መጪው ሐምሌ 18 ቅዳሜ ነው። የገብርኤል ዋዜማ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ቀኑን ለሌላ ጉዳይ ይዛችሁት ይሆናል። እኔ ስልኬ ላይ ምልክት ያደረግኩበት ግን በብስክሌት ምክንያት ነው። በዚያን ቀን ቡር ድዋዛን ከምትባል አነስተኛ የፈረንሳይ ከተማ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲንገላቱ የከረሙ ብስክሌተኞች ተነስተው 171 ኪሎ ሜትር ይጋልባሉ። የሚጨርሱት አልፕ ዱዌዝ ላይ ነው።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? አልፕ ዱዌዝ ያለው እዚያው ከከተማዋ ራስጌ ነው። በቀጥታው መንገድ ቢወጡ 14 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። አዘጋጆቹ ግን በዙሪያ ጥምጥም ወስደው፣ አራት ተራራ አስወጥተውና አስወርደው፣ ከጀርባ በኩል ያስገቧቸዋል። የቀኑ ዳገት ሲደመር 5,600 ሜትር ነው። ከባሕር ጠለል ተነስቶ ራስ ዳሽን ጫፍ የደረሰ ሰው እንኳ ይህን ቁጥር ለመሙላት ገና ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀረዋል። በአንድ ቀን፣ ያውም በብስክሌት!

ለጉዳዩ አዲስ ለሆናችሁ በአጭሩ ላስረዳ። ቱር ደ ፍራንስ የአንድ ቀን ውድድር አይደለም። 21 የውድድር ቀናት አሉት፤ እያንዳንዱን ቀን «ምዕራፍ» ልንለው እንችላለን። የየቀኑ ሰዓት ይደመርና በድምሩ ትንሽ ሰዓት የወሰደው ያሸንፋል። የዘንድሮው ሰኔ 27 ባርሴሎና ላይ ይጀምርና 3,333 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሐምሌ 19 ፓሪስ ላይ ያበቃል። ሐምሌ 18 ሃያኛው ምዕራፍ ነው። ከፊቱ ያለውን ሰው ደቂቃ ሊነጥቅ የሚፈልግ ሁሉ ከዚያ በኋላ ተራራ አያገኝም። ለዚህ ነው ከወዲሁ ስለዚያ ቀን ብዙ የሚወራው።

እኔ የሰቆጣ ልጅ ነኝ። የዋግ ኽምራ ሰው ስለ ተራራ ሲወራ ዝም ብሎ አይሰማም። ታዲያ የዚህን ምዕራፍ ካርታ ሳየው አንድ ጥያቄ አልለቀኝም። ይህን ያህል ተራራ እያለን እኛ የት ነን?

አራቱ ዳገቶች

መጀመሪያ ክሯ ደ ፌር ይመጣል፤ 24 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ 2,067 ሜትር የሆነ። ትርጉሙ «የብረት መስቀል» ነው። አማካይ ዳገቱ 5 በመቶ ገደማ ስለሆነ ለእነሱ መፍታቻ ነው ይባላል። እንዲህ ያለ መፍታቻ ለጠላትም አይስጥ።

ቀጥሎ ቴሌግራፍ አለ። ቴሌግራም አላልኩም፣ ቴሌግራፍ! 12 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ7 በመቶ። 7 በመቶ ማለት 100 ሜትር ወደፊት በሄዳችሁ ቁጥር 7 ሜትር ወደ ላይ ወጣችሁ ማለት ነው። በየመቶ ሜትሩ የባለ ሁለት ፎቅ ቤት ቁመት ያህል ትወጣላችሁ። ይህንን ለ12 ኪሎ ሜትር አስቡት።

ከቴሌግራፍ ትንሽ ወረድ ይሉና ያለ እረፍት ጋሊቢዬ ይጀምራል። 17.7 ኪሎ ሜትር፣ ከ7 በመቶ ትንሽ ያነሰ ዳገት፣ ጫፉ 2,642 ሜትር። የዘንድሮው ቱር ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ የለውም። ቱሩ ጋሊቢዬን መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። በዚያ ዘመን የአሁኑ ዓይነት ማርሽ አልነበረም፤ ብዙዎቹ ወርደው ብስክሌታቸውን እየገፉ ነበር የወጡት።

በመጨረሻ ሳሬን ይመጣል። 13 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ7 በመቶ በላይ፣ መንገዱ ጠባብ፣ አስፋልቱ ሸካራ። እግር ባለቀበት ሰዓት የሚመጣ ዳገት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ በዋዜማው፣ ሐምሌ 17፣ ያንኑ አልፕ ዱዌዝን በታወቀው የ21 ጥምዝ መንገድ ወጥተውት ነው ያደሩት።

ከሰቆጣ ሆኖ ሲታይ

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ሰቆጣ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,266 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጋሊቢዬ ከሰቆጣ የሚበልጠው 400 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ነው። አልፕ ዱዌዝማ መጨረሻው 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከእኛ ገበያ በታች ማለት ነው። ጋዜጠኞቹ «አየሩ የሳሳበት ቦታ» እያሉ በሚያዝኑበት ከፍታ ላይ የእኛ እናቶች ሽንኩርት ይቸረችራሉ።

ቀልዱን ትተን እውነቱን እንየው። ከ2,200 ሜትር በላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። አንድ ጊዜ ስትተነፍሱ የምታገኙት ኦክስጅን ይቀንሳል። ሰውነት ሲለምደው ግን ኦክስጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ህዋሳት ያበዛል። ትልልቆቹ የብስክሌት ቡድኖች ይህን ስለሚያውቁ ከውድድር በፊት ተወዳዳሪዎቻቸውን ለሳምንታት ተራራ ላይ ያሳድራሉ። ስፔን ውስጥ ቴይዴ የሚባል እሳተ ገሞራ ላይ ያለ ሆቴል የታወቀ ማረፊያቸው ነው፤ ከፍታው 2,150 ሜትር አካባቢ። ሴራ ኔቫዳ ላይ ያለው የስፖርት ማዕከል ደግሞ 2,320 ሜትር ነው። ልብ በሉ፣ ገንዘብ ከፍለው የሚተኙበት ከፍታ የእኛ የዕለት ተዕለት እንቅልፍ ነው።

መንገዱስ? ከሰቆጣ በኮረም በኩል ወደ አላማጣ የወረደ ሰው ግራካሕሱን ያውቀዋል። ኮረም 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ አላማጣ 1,500። በመሃል ያለው ጥምዝምዝ መንገድ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይወርዳል። መኪና ውስጥ ሆኖ እንኳ ሆድ ይገለብጣል። አልፕ ዱዌዝ የሚባለውም ከዚህ ብዙ የተለየ አይደለም፤ 13.8 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,100 ሜትር ያህል ይወጣል። ግራካሕሱን ከታች ወደ ላይ በብስክሌት የሚወጣ ሰው በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ፤ ምዕራፉ ገብቷችኋል ማለት ነው።

ስለዚህ ተራራውስ አለን። ከፍታውም አለን። ግን ተራራ ብቻውን ብስክሌተኛ ቢያወጣ ኖሮ የዋግ፣ የላስታና የሰሜን ልጆች ዓለምን ባጥለቀለቁ ነበር።

ኮሎምቢያን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2019 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው ኢጋን በርናል ያደገባት ዚፓኪራ የምትባል ከተማ 2,650 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ልጁ ያደገው በጋሊቢዬ ከፍታ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ግን ኮሎምቢያ አገር አቀፍ የብስክሌት ዙር ውድድሯን የጀመረችው በ1951 ነው። ሉቾ ሄሬራ የተባለው ልጃቸው በ1984 አልፕ ዱዌዝ ላይ አሸነፈ። የቱሩ ዋንጫ የመጣው ግን በ2019። ከ1951 እስከ 2019 ቁጠሩት፤ 68 ዓመት ነው። ተራራው ከጥንትም ነበር። ቆይቶ የመጣው ውድድሩ፣ ክለቡና አሠልጣኙ ነው።

አጎቴ ያየው

አጎቴ በጉብዝናው ዘመን ከተከዜ ቆላ ወደ ሰቆጣ ገበያ አህያ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ማር፣ እህል፣ የተገኘውን ሁሉ ጭኖ ዳገቱን ስንት ጊዜ እንደወጣው እሱም አይቆጥረውም። አንድ ቀን ስልኬ ላይ የጋሊቢዬን ቪዲዮ አሳየሁት።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እዩልኝ።»

ስልኩን ራቅ አድርጎ ይዞ አየና፣ «ምን ጭነው ነው?» አለኝ።

«ምንም አልጫኑም ጋሼ። ራሳቸውን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምነው ፊታቸው እንዲህ ተጨማደደ?»

እኔ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ርቀቱ ላስረዳው ሞከርኩ። እሱ ግን እያዳመጠኝ አልነበረም። አሸናፊው ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አነሳና ቪዲዮው አበቃ።

«የቀሩትስ?» አለኝ።

«የትኞቹ ጋሼ?»

«ኋላ የነበሩት ናቸዋ! ደረሱ ወይስ መሸባቸው? መንገድ አብረህ የወጣኸውን ሰው ሳታስገባ ገባሁ ይባላል እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም፤ ቪዲዮው ስለማያሳይ። በየስልካችን የሚዞሩት ቅንጭቦች ሁሉ አሸናፊው መስመሩን ሲያልፍ ይቆረጣሉ። የአጎቴ ጥያቄ ግን የተራራ ምዕራፍ ትልቁ ጥያቄ ነው። ግማሹ ውድድር የሚካሄደው ካሜራው ዞር ካለ በኋላ ነው።

አውቶቡሱ

ቱር ደ ፍራንስ ላይ በየቀኑ የሰዓት ገደብ አለ። አሸናፊው ከገባ በኋላ በተወሰነ መቶኛ ውስጥ ያልደረሰ ሰው በማግስቱ አይነሳም፤ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ። መቶኛው እንደ ምዕራፉ ክብደትና እንደ አሸናፊው ፍጥነት ይለያያል። ለምሳሌ አሸናፊው 5 ሰዓት ቢፈጅበትና የዕለቱ ገደብ 15 በመቶ ቢሆን፣ የቀሩት 45 ደቂቃ አላቸው ማለት ነው። አሸናፊው በፈጠነ ቁጥር የኋለኞቹ ጊዜ ያጥራል።

በሜዳ ላይ ጉልበተኛ የሆኑት፣ 75 እና 80 ኪሎ የሚመዝኑት ፈጣኖች፣ ዳገት ላይ ይሰቃያሉ። ሜዳ ላይ ከሰው ጀርባ ተደብቆ ነፋስ ማምለጥ ይቻላል። ዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ ስለሚቀንስ መደበቁ ብዙም አይጠቅምም፤ እያንዳንዱ ክብደቱን ራሱ ይሸከማል። ስለዚህ ምን ያደርጋሉ? ኋላ ላይ ተሰብስበው አንድ ቡድን ይሠራሉ። ጣልያኖቹ «ግሩፔቶ» ይሉታል። ፈረንሳዮቹ ያወጡለት ስም ግን ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው፤ «አውቶቡስ» ይሉታል።

ደግሞም ልክ አውቶቡስ ነው። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ማንንም ጥሎ መሄድ አይፈልግም፣ በሰዓቱ ለመድረስ ሒሳብ ይሠራል። በሌላው ቀን ተቀናቃኝ የነበሩ ሰዎች እዚያ ውስጥ ውሃ ይካፈላሉ። ከአውቶቡሱ የቀረውን ሰው ከኋላ የምትከተል መኪና አለች፤ «መጥረጊያ» ይሏታል። ያቋረጠውን ሰብስባ ታመጣለች። ማንም ግን እሷ ውስጥ መግባት አይፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ2011 እዚሁ ጋሊቢዬ ጫፍ ላይ በተጠናቀቀ ምዕራፍ 88 ተወዳዳሪዎች ከገደቡ ውጪ ገቡ። ሁሉም ቢባረሩ ፓሪስ የሚገባው ግማሽ ውድድር በሆነ ነበር። ዳኞቹ ብዛታቸውን አይተው አሳለፏቸው፤ ግን ቅጣት ነበረው። አረንጓዴውን ማልያ ለመውሰድ ይፎካከር ከነበረው ከማርክ ካቨንዲሽ 20 ነጥብ ተቀነሰ። እንዲያም ሆኖ ማልያውን ወሰደ። አብሮ የመሄድን ጥቅም ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢቀር ኖሮ ተባሮ ነበር።

ቢኒያም ግርማይንም አስታውሱት። ኤርትራዊው ልጅ በ2024 ሦስት ምዕራፎችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ሲወስድ የሁላችንም ስልክ በፎቶው ተሞልቶ ነበር። እጁን ሲያነሳ ሁላችንም አየነው። በ16ኛው ቀን ወድቆ መቁሰሉን፣ ከዚያ በኋላ ያንን ቁስል ይዞ 2,802 ሜትር ከፍታ ያለውን ቦኔትን መውጣቱን፣ በገደቡ ውስጥ ለመግባት መታገሉን ግን ስንቶቻችን ተከታተልን? ማልያው የሚሰጠው ፓሪስን ወይም የመጨረሻዋን ከተማ ለደረሰ ሰው ብቻ ነው። ሦስቱ ድሎች በሜዳ ላይ ተገኙ፤ የተጠበቁት ግን ተራራው ላይ፣ ከኋላ ነው።

ረዳቱ

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ይመጣል። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ ጋለበ። በ2015 ጂሮ ዲ ኢታሊያን፣ በ2016 ደግሞ ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ብዙ ሰው «አሸነፈ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የተሳሳተ አይደለም፤ ግን የብስክሌትን አሠራር አይነካም።

በብስክሌት ቡድን ውስጥ አንድ መሪ አለ፤ ሌሎቹ ረዳቶች ናቸው። እኛ አገር ረዳት የምንለው የአውቶቡሱን ልጅ ነው፤ ዕቃ የሚጭነው፣ ተሳፋሪ የሚያስገባው፣ ጎማ ሲፈነዳ መጀመሪያ የሚወርደው። የብስክሌቱም ረዳት እንዲሁ ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ ከቡድኑ መኪና የውሃ ጠርሙስ በማልያው ውስጥ ሞልቶ ያመጣል። መሪው ነፋስ እንዳይመታው ከፊት ይሆናል። መሪው ጎማ ቢተነፍስበት የራሱን ሊሰጠው ይችላል። ሥራውን ጨርሶ ሲደክም ደግሞ ወደ አውቶቡሱ ወርዶ በገደቡ ለመግባት ይታገላል፤ ነገም ሥራ አለበትና። በ2016 የጽጋቡ ቡድን መሪ የነበረው ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊ ማይንትየስ በአጠቃላይ ውጤት 8ኛ ሆነ። በዚያ 8ኛነት ውስጥ የረዳቶቹ እግር አለበት።

የሚበላው

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልግባ። በእንዲህ ያለ ቀን አንድ ብስክሌተኛ ኮርቻ ላይ ሆኖ ብቻ ከ5,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ሊያቃጥል ይችላል። ለዚህም በየሰዓቱ ከ90 እስከ 120 ግራም ካርቦሃይድሬት ይወስዳል። በሙዝ ብናስበው በሰዓት አራት አምስት ሙዝ ነው፤ በአምስት ሰዓት ሃያ ምናምን። በእርግጥ ሙዝ ብቻ አይበሉም፤ በፈሳሽና በማርመላታ መልክ የተዘጋጀ አላቸው። የእኛ መንገደኛ በሶ በጥብጦ እንደሚጠጣው መሆኑ ነው። ካልበሉ ጡንቻቸው ውስጥ የተቀመጠው ስንቅ ያልቃል፤ ያኔ ጀግናም ቢሆን እግሩ በድንገት ይከዳዋል። ተራራ ላይ ሰው ድንገት ቆም ሲል የምታዩት ብዙ ጊዜ ወኔው አልቆ ሳይሆን ስንቁ አልቆ ነው።

የሰቆጣ ስም በአገሪቱ ሰነድ ላይ ከምግብ ጋር የተያያዘ ስም ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. መንግሥት በ2030 የሕፃናት መቀንጨርን ለማስቆም ቃል የገባበት ሰነድ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። ስሙም ከእኛው ሰቆጣ የተወሰደ ነው። መቀንጨር ማለት ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በቂና ተመጣጣኝ ምግብ አጥቶ ቁመቱም አእምሮውም በሚገባው ልክ ሳያድግ ሲቀር ነው። ድርቅ ደጋግሞ የጎበኘው፣ ጦርነት ያለፈበት አካባቢ ነን።

ስለዚህ «የዋግ ልጅ ተራራ ላይ ስለተወለደ ጥሩ ተራራ ወጪ ይሆናል» የሚለውን ሙገሳ ስሰማ ደስ እያለኝ መልሶ ይከፋኛል። የሳሳው አየር የሚጠቅመው የጠገበን ሰውነት ነው። ሴራ ኔቫዳ ላይ የሚያድረው ተወዳዳሪ ከጎኑ ምግብ ቀማሚ ባለሙያ አለው። የእኛ ልጅ ያንኑ ከፍታ የሚወጣው ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ፣ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አዝሎ ነው። የባለሙያዎቹ ብስክሌት ዝቅተኛ ክብደት በሕግ 6.8 ኪሎ ነው፤ ጀሪካኑ የሦስት ብስክሌት ያህል ይመዝናል። አጎቴ «ምን ጭነው ነው?» ያለው ወዶ አይደለም።

መንገድ የሚዘጋበት ምክንያት

ሌላው መንገድ ነው። ሐምሌ 18 በዚያ ሁሉ 171 ኪሎ ሜትር ላይ መንገዱ ለመኪና ይዘጋል። ሰው በየዳር ቆሞ ያጨበጭባል። እኛ ጋ ባለፉት ዓመታት መንገድ ተዘጋ ሲባል ትርጉሙ ሌላ ነበር፤ መድኃኒት አይገባም፣ ተማሪ አይሄድም፣ ዘመድ ዘመዱን አይቀብርም። የብስክሌት ውድድር ሰላም ያለበት መንገድ ይፈልጋል። ውድድሩ ከዚያ በፊት አይመጣም።

የመቀሌ ክለቦች ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ ብስክሌት ማዕከል ነበሩ። ጦርነቱ እነሱንም አልማራቸውም። እየሩ ገብሩ የተባለችው ብስክሌተኛ በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ የጋለበችው በስደተኞች ቡድን ስም ነው። እግሯና ትንፋሿ ከዚሁ ከእኛ ተራራ የወጣ ነው፤ ደረቷ ላይ ግን ባንዲራችን አልነበረም።

እንዲህ ስል ታሪክ የለንም ማለቴ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት። ገረመው ደንቦባ በዚያም፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት በ1960 ሮምም ጋልቧል። ሁለቱ ስፖርቶች አብረው ነበር በሩን ያንኳኩት። ሩጫው ገባ፤ ብስክሌቱ በር ላይ ቀረ። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። አበበ ያለ ጫማ ሮጦ አሸነፈ፤ ያለ ብስክሌት ግን አይጋለብም። የዛሬ የውድድር ብስክሌት ዋጋ ደግሞ ከ10 ሺህ ዶላር ያልፋል። ጎረቤታችን ኤርትራ ውስጥ አገር አቀፍ የብስክሌት ዙር ውድድር የተጀመረው በ1946 ነው፤ የቢኒያም ድል የዚያ ሁሉ ዘመን ፍሬ ነው።

ባለፈው መስከረም ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ላይ፣ ኪጋሊ ተካሄደ። የወንዶቹ ዋና ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ በድምሩ 5,475 ሜትር ነበር። ታደይ ፖጋቻር አሸነፈ፤ የጨረሱት 30 ሰዎች ብቻ ናቸው። ኪጋሊ ያለችው 1,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ሩዋንዳ ይህን ያገኘችው በተራራ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ውድድር እያዘጋጀች፣ መንገዷን እያሰናዳች ቆይታ ነው።

እኔ ልጅ ሳለሁ ሰቆጣ ውስጥ ብስክሌት በደቂቃ ሒሳብ እንከራይ ነበር። አንድ ብስክሌት ለአስር ልጅ። ቁልቁለቱን ለመውረድ ሁሉም ይጋፋል፤ ዳገቱን መልሶ ለመግፋት ግን ጓደኛ ይጠፋል። ዛሬ የጠየቁኝ ልጆች «እኛስ መቼ ነው ቱር ደ ፍራንስ የምንገባው?» ይሉኛል። የኮሎምቢያን 68 ዓመት እነግራቸዋለሁ። ደስ አይላቸውም። ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው የፈረንሳይ ዋንጫ አይደለም። አሥር ደህና ብስክሌት፣ ፍሬን የሚጠግን አንድ ሰው፣ ከትምህርት ቤት እስከ ትምህርት ቤት የሚደረግ የዓመት አንድ ውድድር፣ ለሚወዳደሩት ልጆች ምሳ። ይህ ለዞኑም ለክልሉም የማይቻል ነገር አይመስለኝም። ምሳውን ግን አስምሩበት።

ሐምሌ 18ን እንዴት እንየው

ዳታችሁን ቆጥቡ። የተራራ ምዕራፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቁት በእኛ ሰዓት ወደ ማታ 12 አካባቢ ነው፤ ፈረንሳይ በዚያ ወቅት ከእኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ናት። ሙሉውን ቀን ማየት ካልቻላችሁ ሁለት ቦታ ምረጡ።

አንደኛው የጋሊቢዬ መጨረሻ 5 ኪሎ ሜትር ነው። ከ2,200 ሜትር በላይ ሲደርሱ፣ ማለትም በሰቆጣ ከፍታ ላይ፣ አፋቸውን ከፍተው የሚተነፍሱትንና ዝግ ብለው የሚተነፍሱትን ለዩ። ውድድሩን ማን እንደሚቆጣጠረው ያኔ ይታወቃል። እጃቸው ወደ ማልያቸው ኪስ ስንት ጊዜ እንደሚገባም ቁጠሩ። መብላት ያቆመውን ሰው ሳሬን ላይ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው አሸናፊው ከገባ በኋላ ያለው ነው። ቴሌግራም ላይ የእሱ ፎቶ ሲዘንብ ስልካችሁን አትዝጉ። የሰዓት ገደቡን ፈልጉ፣ አውቶቡሱ የት እንደደረሰ ጠይቁ። ሦስት ሳምንት ለሌላ ሰው ውሃ ሲቀዳ የከረመ አንድ ረዳት፣ ፓሪስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሳሬን ላይ ከሰዓት ጋር እየታገለ ይሆናል። ካሜራ አያሳየው ይሆናል፤ የውጤት ዝርዝሩ ግን ስሙን ከታች ይጽፈዋል።

ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ አንብቡት። አጎቴም የሚጠይቀኝ ያንኑ ስለሆነ፣ እኔ በበኩሌ የመጨረሻውን ሰው ስምና የገባበትን ደቂቃ ይዤ ነው የምሄድለት።